ክር ያሰረ አይሮጥም

ሐኪም ተሰማ መሞታቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ ከሦስት ቀን በኋላ ነው። መርዶውን ይዞልኝ የመጣው ሰይድ ነው፤ ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ ያን ሁሉ ዳገት ቀስ እያለ በእግሩ ወጥቶ፣ ደብረ ሲና ደጄ ላይ ቆመ።

«እትዬ ዘነቡ፣ ሐኪም ዐረፉ» አለኝ።

«መቼ?»

«ሰኞ።»

ቀኑ ሐሙስ ነበር። ደሜ ፈላ። «ታዲያ በመኪና አትመጣም ነበር? ለቀብሩ እንኳ እደርስ አልነበረም ወይ? ምን ዓይነት ሰው ነህ አንተ?» ብዬ ጮህኩበት። ጋቢውን ሰብሰብ ሲያደርግ ግራ እጁ ታየኝ፤ አንጓው ላይ ያቺ ቀይ ክር አለች። ስንተኛዋ እንደሆነች እንጃ፤ ባለቀች ቁጥር ራሱ ይቀይራታል። ያን ጊዜ አፌን ያዝኩ። በዚህ ምድር ላይ ሰይድን «ለምን ዘገየህ?» ብሎ መጠየቅ የማይገባው ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። ግባ አልኩት፣ እግሩን አጠብኩለት፣ እራት አቀረብኩለት።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው ልነሣ። እኔ የደብረ ሲና ልጅ ነኝ። ባል ተከትዬ ቆላ ወረድኩ፤ ባሌን ንዳድ ገደለብኝ፤ ከዚያ ጣልያን መጣ። ሸዋ ሮቢት ላይ የመንገድ ሠራተኞች ካምፕ ሲተከል የሕክምና ድንኳን አቆሙና ውሃ የምታፈላ፣ የቁስል ጨርቅ የምታጥብ ሴት ፈለጉ። ገባሁ። «ለጣልያን አደረች» ብለው ያሙኝ ነበር። ይሙኝ፤ የራበው ሰው ሐሜት አይሰማም። ስለ እኔ ይኸው ይበቃል።

የዚያ ድንኳን ሐኪም ተሰማ ነበሩ። ፈረንጁ ዶክተር አልፎ አልፎ መጥቶ ላቡን እየጠረገ ፈርሞ ይሄዳል እንጂ ሥራው ሁሉ የእሳቸው ነው። የቀወት ሰው ናቸው። አባታቸው ስመ ጥር ወጌሻ ስለነበሩ አጥንት ሲያቃኑና ወለምታ ሲያሹ አደጉ። በጉልምስናቸው ራሳቸውም በየሠርጉ ለጨዋታ የሚታገሉ ታጋይ ነበሩ አሉ፤ የቀኝ ጆሯቸው በትግል ተጨምድዶ ቀርቷል። ኋላ አዲስ አበባ ወጥተው በአንድ የሚስዮን ሆስፒታል ብዙ ዓመት ሲያገለግሉ የውስጥ ደዌን ተማሩ፤ ልቡን፣ ሳንባውን፣ ጉበቱን፣ ጣፊያውን። እንግዲህ ወጌሻም ሐኪምም ሆነው ተመለሱ። እንዲህ ያለ ሰው ከዚያ በፊት አላየሁም፣ ከዚያም ወዲህ አላየሁም።

«ሆድ ሳያዩ እግር አይጠግኑም» የምትል አባባል ነበረቻቸው። አንዱ ቁርጭምጭሚቱ አብጦ እያነከሰ ይመጣል። «ተጋደምና ሆድህን ግለጥ» ይሉታል። «ኧረ ሐኪም፣ የታመምኩት እግሬን ነው» ሲል «እግርህማ የትም አያመልጠኝም፣ አንካሳ ነው» ብለው ያስተኙታል። ከዚያ ዐይናቸውን ይጨፍናሉ። እጃቸውን በግራ ጎኑ ከጎድን አጥንቱ በታች ሰደድ አድርገው «ተንፍስ፤ አሁን ሳብ» ይላሉ። ጣፊያው በወባ ብዛት አብጦ ከተገኘ ጫፉ የደረሰበትን ቦታ በዐይን ኩል ሆዱ ላይ ያሰምሩበታል። በሳምንቱ ሲመለስ ከመስመሩ ሸሽቶ እንደሆነ፣ ገፍቶም እንደሆነ ያዩታል። ሠራተኞቹ ደግሞ መች ይተዋሉ፤ «ዛሬ ማነው ሆዱን የተኳለው?» እያሉ ይሳሳቃሉ።

ደጁ ላይ አንድ ትልቅ ሾላ ነበር። ድካም አለብኝ ያለውን ሰው በሩጫ ሦስት ጊዜ ሾላውን ያስዞሩትና ሲያለከልክ የእንጨት ማዳመጫቸውን ደረቱ ላይ ይተክላሉ። «የተቀመጠ ልብ ሁሉ ጤነኛ ይመስላል፤ ልብ የሚታወቀው ሲሮጥ ነው» ይሉኝ ነበር። እኔ ያን ጊዜ ቀልድ መስሎኝ እስቅ ነበር።

ስለ ክሩ ልንገራችሁ። የዚያ አገር ወጌሻ ያሸውን ሰው በቀይ ፈትል ያስረዋል። ፈትሉ እስኪፈታ ድረስ ያንን ሰው ለትግል መጋበዝ፣ ሸክም ማሸከም፣ በጨዋታ እንኳ መግፋት ነውር ነው። የሚፈታውም ያሰረው ወጌሻ ብቻ ነው። ሐኪም ይህን የአባታቸውን ልማድ ወስደው ለጣፊያ አዋሉት። ጣፊያው ያበጠ ሰው አንጓው ላይ ክር ያስሩለታል። «ያበጠ ጣፊያ እንደ በሰለ ሾላ ነው፤ ሲወድቁበት ይፈርጣል። ክር ያሰረ አይታገልም፣ አይሸከምም፣ አይሮጥም» ይላሉ። መጀመሪያ ሰው ሳቀባቸው። እጁ ደኅና፣ እግሩ ደኅና፣ ምን ሆንኩ ብሎ ነው ክር የሚያስረው?

ሳቁ ያበቃው በሁሴን ነው። ሁሴን የሰኞ ገበያ ልጅ ነበር፤ ሰኞ ገበያ ከሮቢት የሦስት ሰዓት መንገድ ናት። በሬ የሚያህል ታጋይ። ትከሻው ወልቆ መጣ፤ ሐኪም ትከሻውን መለሱለት፣ ጣፊያውን አገኙት፣ ክር አሰሩለት። በሁለተኛው ሳምንት ሠርግ ሆነ። ጆሮ የከበዳቸው አባትየው አባ ሁሴን ተቀምጠው ልጃቸው በፈትሉ ምክንያት ጮክ ተብሎ ሲሰደብ ሰሙና «በጥሰው! እኔ የወለድኩት በፈትል አይታሰርም» አሉት። በጠሰው። ታገለ፣ ወደቀ፣ የሌላው ጉልበት ሆዱ ላይ ዐረፈ። እየሳቀ ተነሣ። ውሃ ጠጣ። ከዚያ ቁጭ አለ፣ ፊቱ ዐመድ መሰለ፣ በዚያው አለፈ። ሐኪም ሲደርሱ ሬሳ ነው ያገኙት። አባ ሁሴን «ገዳዩ እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ ያስበጠስኩት» እያሉ መሬት ሲቧጥጡ፣ ሐኪም አጠገባቸው ተቀምጠው አብረው አለቀሱ።

ከዚያ ወዲያ በአገሩ በይፋት ሁሉ ክር ያሰረ ሰው እንደ እንቁላል ተያዘ። ገበያ ላይ ዕቃውን ይቀበሉታል፣ ጥላ ይለቁለታል፣ ሕፃናት እንኳ አይጋፉትም። የካምፑ ሹምም የሞተ ሠራተኛ ድንጋይ አይሸከምም ብሎ መሰለኝ ነገሩን ተቀበለው፤ ክር ያሰረው ከሸክም ይቀራል፣ ዘበኞቹም «በሽተኛ ነው» ብለው ከበር ያሳልፉታል። ክር የሌለው ሠራተኛ ግን ከካምፑ ንቅንቅ አይልም። ሐኪም ደስ አላቸው። «ዘነቡ፣ አሁን ሰው ገባው» አሉኝ። ከዚያ የበለጠ ደስ ብሏቸው አላየሁም።

ሰይድን የማውቀው ያን ጊዜ ነው። የድንጋይ በር ሰው ነው፤ ድንጋይ በር ከሰኞ ገበያ አልፎ ኮረብታው ላይ ያለች መንደር ናት። ከጦርነቱ በፊት የባላባቱን ደብዳቤ ይዞ የሚሮጥ መልእክተኛ ነበር። ሲሮጥ እግሩ መሬት አይነካም ይሉታል። ጣልያን ለመንገድ ሥራ አፍሶ አመጣው፣ ንዳድ ያዘው፣ ጣፊያው እምብርቱ ድረስ ወረደ። ሐኪም ክር አሰሩለትና ድንኳናችንን እንዲጠርግ ከእኛ ጋር ተመደበ። መቀመጥ አያውቅም። በየጧቱ መጥረጊያውን ይዞ «ሐኪም፣ ልሩጥ?» ይላል። «አትሮጥም» ይሉታል። «ሾላውን ብቻ ልዙር?» «ሾላውንም አትዞርም።» ይህ የሁልጊዜ ጨዋታቸው ነበር። ሚስቱ ዘሃራና ገና ጡት ያልጣለች ልጁ ድንጋይ በር ከእናቱ ጋር ነበሩ። ተሽሎት ወደ እነሱ እንዲሄድ ነበር ሐኪም የሚለፉለት።

አንድ ቀን ጧት፣ ሦስት ሰዓት አልሞላም፣ የካምፑ መቶ አለቃ በሁለት ወታደር ተደግፎ መጣ። ከወታደሮቹ ጋር ኳስ ሲራገጥ ጉልበቱ ዞሮበታል። ሐኪም በለመደ እጃቸው ያሹት ጀመር። መቶ አለቃው ከጓደኛው ጋር በቋንቋቸው ያወራል፤ ሐኪም ጣልያንኛ መስማታቸውን ከእኔና ከሰይድ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሲያሹ እጃቸው ቀጥ ሲል አየሁ። ከዚያ ደግሞ ቀጠሉ። በአስተርጓሚ «ዛሬ መሄድ እችላለሁ?» ብሎ ጠየቃቸው። «አትችልም። ሦስት ቀን መተኛት አለብህ» አሉና ጉልበቱ ላይ ቀይ ክር አሰሩለት። አስተርጓሚው የክሩን ትርጉም ሲነግረው መቶ አለቃው ሳቀ። ጩቤውን አውጥቶ ክሩን ቆረጠና እያነከሰ ወጣ።

ሐኪም ጨርቅ ወደማጥብበት ወደ ጓሮ መጡ። ፊታቸው ተለዋውጧል። ሰይድን ጠሩት።

«ለአርበኛ እህል አብልታለች ብለው ድንጋይ በርን ሊያቃጥሉ ነው። ዛሬ ነው። ከምሳ በኋላ በመኪና ይነሣሉ፣ መንገዱ እስካለበት ዞረው ከዚያ በእግር ይወጣሉ። ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ እዚያ ናቸው።»

ሰይድ መጥረጊያውን ጣለ። «ሐኪም፣ ፍቱልኝ። ሮጬ ስምንት ሰዓት ሳይሞላ እደርሳለሁ።»

«ክሩን ከፈታሁት ከበር አያሳልፉህም። ሰማህ? ክሩ ነው የሚያወጣህ። ደግሞ አትሮጥም። ሳትቆም ከተራመድክ ዐሥር ሰዓት ላይ ትደርሳለህ። አንድ ሰዓት ይተርፋችኋል፤ ከመንደራችሁ በላይ ወዳለው ዋሻ ለመግባት ይበቃል።»

እኔ አላስችል ብሎኝ ጣልቃ ገባሁ። «ከበር ካለፈ በኋላ ቢበጥሰውስ?»

«ከበጠሰው ይሮጣል። ከሮጠ መንገድ ላይ ይሞታል። ያን ጊዜ እሱም መንደሩም ይጠፋሉ። ሁሴንን ረሳሽው?» አሉኝ። ወደ ሰይድ ዞረው ትከሻውን ያዙ። «በአላህ ስም ማልልኝ፣ ሰይድ። ክሩን አትበጥስ። አትሩጥ።»

ሰይድ ማለላቸውና ሄደ።

እኔስ? እኔ ጨርቅ ላጥብ ወንዝ ልውረድ ብል ከበር ያሳልፉኝ ነበር። እኔም እግር ነበረኝ። እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። ፈሪ ለእናቱ ይላሉ፤ እኔ እናትም አልነበረችኝ።

ያን ቀን ሐኪም ከሾላው ሥር ሆነው ፀሐይዋን ሲያዩ ዋሉ። ሰው ያክማሉ፣ ብቅ ብለው ያያሉ፣ ይመለሳሉ። «አሁን ሰኞ ገበያ ደርሷል» አሉኝ ስድስት ሰዓት ላይ። መኪኖቹ ሰባት ሰዓት ላይ ሲነሡ ድንኳኑ ውስጥ ገብተው ጆሯቸውን ያዙ። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ «አሁን ከሰኞ ገበያ ማዶ ያለውን ወንዝ ተሻገረ» አሉ። ዐሥር ሰዓት ላይ «ዘነቡ፣ ደረሰ። ውሃ ስጪኝ» ብለው አንድ ጣሳ ሙሉ ጠጡና ፈገግ አሉ። ያቺ ፈገግታ አሁንም ትታየኛለች። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከኮረብታው ራስ ጢስ ወጣ። «ባዶ ቤት ነው የሚቃጠለው» አሉኝ። እኔም አመንኩ።

ሰይድ በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። ልብሱ ጥላሸት ነው። ቆሞ፣ ወደ ማንም ሳያይ ተናገረ።

«ስድስት ሰዓት ላይ ሰኞ ገበያ ገባሁ። አባ ሁሴን ክሩን አዩት። ‹የተሰማን ክር አስረህ በዚህ ሐሩር ወዴት ነው?› ብለው እጄን ያዙኝ። ልሂድ አልኩ። ‹አልለቅህም፤ ልጄን የቀበርኩት ይህን ክር ንቄ ነው› አሉ። ሰው ተሰበሰበ። ጥላ ሥር አስቀመጡኝ፣ ወተት አመጡልኝ። በቅሎ እስክትመጣ፣ ፀሐይ እስክትበርድ አሉኝ። ከአጠገባችን ሁለት ባንዳ ለካምፑ ፍየል ሲገዙ ተቀምጠዋል። ለአባ ሁሴን በጆሯቸው ልንገራቸው አልኩ፤ ጆሯቸው የደነቆረ ነው፤ ካልጮኹ አይሰሙም፤ ከሌሎቹ ደግሞ ማን የባንዳ ወገን እንደሆነ አላወቅኩም። ልነሣ ስል ትከሻዬን ይዘው ይመልሱኛል። ምን ልበላቸው? ልምታቸው? ደግ ሰዎች ናቸው። ባንዳዎቹ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲሄዱ ጮኼ ነገርኳቸው። አባ ሁሴን ራሳቸውን ይዘው ተቀመጡ። እኔ ተነሣሁ።»

«ከዚያስ?» አሉ ሐኪም።

«ሮጥኩ። መሐላዬን አፍርሼ ሮጥኩ። ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኮረብታው ሥር ስደርስ እነሱ ወጥተዋል። ቤቱን ከውጭ እየዘጉ ነበር ያቃጠሉት። እናቴም፣ ዘሃራም፣ ልጄም እውስጥ ናቸው።» ከዚያ ሐኪምን አያቸው። «ሐኪም፣ ያን ሁሉ ዳገት ሮጥኩ። ምንም አልሆንኩም።»

ልማድ ክፉ ነው፤ ሐኪም «ተጋደም» አሉት። ሰይድም ተጋደመ። እጃቸውን በግራ ጎኑ ሰደዱ፣ ዐይናቸውን ጨፈኑ። «ተንፍስ» አሉት። ጣፊያው እንዳለ ነው፤ ከኩሉ መስመር አላለፈም። እጃቸውን ግን ከሆዱ ላይ አላነሡም፤ ሰይድ ራሱ አንሥቶ መለሰላቸው።

እኔ በልቤ ፈርጄባቸው ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ነው አልኩ፤ ሰውየውንም መንደሩንም ላድን ሲሉ። ኋላ ሳስበው ግን እንዲያ ማለቴ ያሳፍረኛል። ሐኪም ሌላ ምን ያደርጋል? ሊድን ይችላል ብሎ ያመነውን ሰው ሩጥና ሙት ይላል ወይ? አንድ ጊዜ ይህን ነገርኳቸው። «ሁሴን ሲሞት ትክክል ነበርኩ፣ ዘነቡ። ከነገር ሁሉ በላይ የጎዳኝ ያ ነው» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ለማንም ክር አላሰሩም። ሠራተኞቹ እየመጡ «ሐኪም፣ እሰሩልኝ» ይላሉ፤ «ፈትል አልቋል» ይሏቸዋል። ፈትሉ ግን ሣጥኑ ውስጥ ሙሉ ነው፣ እኔ አውቃለሁ። ጣፊያቸው ያበጠ ሰዎች ድንጋይ ተሸከሙ፤ ከእነሱ መካከል የወደቁ አሉ። ሐኪም አስከሬናቸውን አይተው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ስለ ሆድና እግር ያቺን አባባላቸውንም ተዉአት። እግር የታመመ ሲመጣ እግሩን ብቻ ያዩለታል። ሐኪሙ ሄደ፣ ወጌሻው ብቻ ቀረ፤ ኋላ ኋላ ወጌሻውም ደከመ።

ሰይድ ግን ከእሳቸው አልተለየም። የሚሄድበት የለውም። መጥረጊያውን እንደያዘ ድንኳኑን ይጠርጋል፣ ጧት ጧት ግን «ልሩጥ?» አይልም። ሁለቱ ሲተያዩ ማየት ይከብደኝ ነበርና ውሃዬን ይዤ ወጣ እላለሁ። ይቅር ተባብለው እንደሆነ አላውቅም፤ ፊት ለፊቴ አላደረጉትም።

ጣልያን ሊወጣ በተቃረበበት ሰሞን፣ ካምፑ ግማሹ ባዶ ሆኖ፣ ሐኪም አንድ ጧት ሰይድን ጠሩት። የዚያን ዕለት ምን እንደነካቸው አላውቅም። «ተጋደም» አሉት። ለረጅም ጊዜ ዳሰሱት። ደግመው ዳሰሱት። ጣፊያው ሙሉ በሙሉ ገብቷል፤ የሰጡት ያ ሁሉ የወባ ኪኒን በመጨረሻ ሠርቷል። ሣጥናቸውን ከፍተው መቀሱን አወጡና ክሯ አሁንም ያለችበትን የሰይድን ግራ እጅ ያዙ።

«ድነሃል፣ ሰይድ። ከዛሬ ጀምሮ መሮጥ ትችላለህ» አሉት።

ሰይድ እጁን ቀስ ብሎ ከእጃቸው አወጣ።

«ወዴት?» አላቸው።

ሐኪም መቀሱን ሣጥኑ ውስጥ መለሱት። ሰይድም ተነሥቶ መጥረጊያውን ፈለገ። እኔ ውሃው ፈልቶ ነበርና ሄጄ አወረድኩት።